በቁሙ የተሸጠው ሶፋ ሠሪ

ዕድሜውን ሙሉ ሌላው ሰው ተመችቶት እንዲቀመጥ ሲለፋ የኖረው ሶፋ ሠሪ የመጨረሻ ትንፋሹን የሳበው ባዶ ሲሚንቶ ላይ ነው። ዙሪያውን በሶፋ ተከቦ ነበር። አንዱም ጋ አልደረሰም።

ያገኘው ጎረቤቱ ፀጉር አስተካካይ ነው። ከሰዓት በኋላ ደንበኛ ቢጠፋበት ለወሬ ብቅ ብሎ፣ ለአንድ ዓመት የሚበቃ ወሬ ይዞ ወጣ።

ኢንስፔክተሩ ሲደርስ የፎረንሲክ ሰዎች ሥራቸውን ጨርሰው ጓንታቸውን እያወለቁ ነበር። «ቁስል የለበትም፤ መርዝ ይመስላል» አሉት። ኢንስፔክተሩ ሞላ ያለ፣ የማይቸኩል፣ የእስክሪብቶ ክዳን ካላኘከ ማሰብ የማይሆንለት ሰው ነው። በእሱ የተነሣ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ክዳን ያለው እስክሪብቶ ከጠፋ ቆይቷል። አብራው የምትሠራው ሳጅን ቀጭን፣ ፈጣን፣ ምላሷም ከእግሯ የማይዘገይ ናት።

«ከአፍዎ ያውጡት» አለችው በሩ ላይ። «የወንጀል ቦታ ነው።»

«የራሴ ክዳን ነው።»

«ትናንት የእኔ ነበር።»

ኢንስፔክተሩ ክዳኑን ኪሱ ከቶ ክፍሉን ማየት ጀመረ። ከሥራ ጠረጴዛው አጠገብ አንድ ያረጀ ባለ መደገፊያ ወንበር ቆሟል። ግማሹ አረንጓዴ ቬልቬት ለብሷል፤ የቀረው ግማሽ ገና ስፖንጁ ይታያል። ጨርቁን የያዙት ተራ ገብተው የተመቱ ትንንሽ ጥቁር ሚስማሮች ናቸው። መዶሻው ከሟቹ እጅ ሥር ወድቋል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት የቆርቆሮ ሣህን ሚስማር አለ፤ በአንደኛው ጥቁሩ፣ በሌላኛው ለጌጥ የሚመታው ቢጫ ነሐስ። ከሣህኖቹ ጎን ግማሹ የተበላ ሾርባ የያዘ ምሳ ዕቃ ተቀምጧል። ግድግዳው ላይ በአየር የሚሠራ፣ ጨርቅ በሽቦ የሚመታ ስቴፕለር፣ ቱቦው በሥርዓት ተጠቅልሎ ተሰቅሏል።

መስኮቱ ላይ፣ ሌላው ሰው የቤተሰቡን ፎቶ በሚያደርግበት ቦታ፣ የሰው ሆድ ራጅ ተለጥፏል። ከጎድን አጥንቶቹ በታች አንዲት ሚስማር ነጭ ሆና ቁልጭ ብላ ትታያለች።

«ይሄ ማነው?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«እሱ ራሱ ነው» አለ ፀጉር አስተካካዩ ከበሩ። «ሆዱ ማለቴ ነው። ለኢንሹራንሱ ሲመረመር የተነሣው።»

«የምን ኢንሹራንስ?»

ፀጉር አስተካካዩ ሬሳውን ካየበት ደቂቃ ጀምሮ ይህን ጥያቄ ሲጠብቅ እንደቆየ ፊቱ ተናገረበት። «የቀድሞ ሚስቱ የገዛችበት ነዋ። የሕይወት ኢንሹራንስ። እሱ ከሞተ ለእሷ ይከፈላል። ‹ሚስቴ በቁሜ ሸጣኛለች፤ ከሞትኩ እሷን ጠይቁ› ሲል ያልሰማ ሰው እዚህ ሰፈር የለም። እኔ ወንበር ላይ ይላል፣ ሻይ ቤት ይላል፣ ታክሲ ውስጥ ይላል።»

«ሲናገር ይፈራ ነበር?»

«ኧረ እየሳቀ ነው።»

«እናንተስ?»

«እኛም እየሳቅን።» ትንሽ አሰበ። «አሁን ሳስበው ግን የፈራ ይመስለኛል።»

«ሾርባውን ማን አመጣው?»

«ልጃቸው ናት። ወደ ትምህርት ቤት ስታልፍ ሁልጊዜ እናቷ የላከችውን አድርሳለት ነው የምትሄደው።»

ሳጅኗ ምሳ ዕቃውን ተመለከተች። «ከፍቺ በኋላ ሾርባ የሚላክ ከሆነ እኔም ስለ ትዳር እንደገና ላስብበት ነው።»

ኢንስፔክተሩ አልሳቀም። ጉዳይ እንዲህ አልቆ፣ ተጠቅልሎ ሲቀርብለት ደስ አይለውም። ኢንሹራንስ አለ፣ ሾርባ አለ፣ ሟች ራሱ ገዳዩን አስቀድሞ ለሰፈሩ አስተዋውቋል። የቀረው ፊርማ ብቻ ነው የሚያስመስል ነገር።

*

የቀድሞዋ ሚስት የምትሠራው መጋረጃ ቤት ነው። ሰውየው በመርዝ ሳይሞት እንዳልቀረ ሲነገራት ከማሽኗ አልተነሣችም። እግሯ ፔዳሉን ረግጦ ቀርቶ ማሽኑ ጨርቅ በሌለበት ብቻውን ሰፋ። ከጎኗ የምትሰፋው ባልደረባዋ ጎንበስ ብላ አጠፋችላት።

ኢንስፔክተሩ እስክትረጋጋ ጠበቀ። ከዚያ ጠየቃት።

«ኢንሹራንሱን ለምን ገዙ፣ እህቴ?»

«እሱ በእጁ ሠርቶ የሚያድር ሰው ነው። የልጄን ቀለብ አንድም ወር አሳልፎብኝ አያውቅም። ቢሞትስ ልጄን በምን ላሳድግ ነው? ቁጭ ብለን ተነጋገርን። ራሱ ፈረመ፤ ራሱ ሄዶ ተመረመረ።»

«እሱ ግን በቁሜ ሸጠችኝ ይል ነበር።»

«እሱ የማይለው ምን አለ? ስንጋባ ደግሞ በነፃ ወሰደችኝ ይል ነበር።»

«ለምን ተፋታችሁ ታዲያ?»

«ቀልዱ አለቀበትና መድገም ጀመረ።» ልትስቅ አፏን ከፈተች፤ የወጣው ግን ሳቅ አልነበረም። ፊቷን በመጋረጃው ጨርቅ ጠረገች። ጨርቁ የደንበኛ መሆኑ ትዝ ብሏት ደነገጠችና በእጇ መዳፍ ልታለሳልሰው ሞከረች።

«ዛሬ ጠዋት የት ነበሩ?»

«እዚሁ። ከዚህ ማሽን አልተነሣሁም።»

ባልደረባዋ ቀና አለች፤ ወዲያው ደግሞ ጎንበስ ብላ መርፌ ፍለጋ ጀመረች። መርፌው እጇ ላይ ነበር። ሳጅኗ ይህን አየች።

«መርዙ ሾርባዬ ውስጥ ነው የምትሉት፣ አይደል?» አለች ሚስትየው። «ልጄም ከዚያው ድስት ጠጥታ ነው የሄደችው። ግን እሺ። የምታስሩኝ ከሆነ አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ። ልጄ ማን ጋ ነው የምትሆነው?»

«ሌላ ዘመድ አላት?»

«የአባቷ ታላቅ ወንድም።» ድምጿ ቀዘቀዘ። «ቤቱ ነጭ ምንጣፍ ነው። አንድ ቀን ወስዳት ነበር። ጫማዋን ብቻ አይደለም፤ ሳቋንም በር ላይ አውልቃ እንድትገባ አደረጋት። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ኢንስፔክተር። አባቷን ዛሬ አጥታለች። እናቷንም አብራችሁ አትውሰዱባት።»

*

የሟቹን ታላቅ ወንድም ሰፈሩ «ሥራ አስኪያጁ» ይለዋል። ታናሹ የሚሠራውን እሱ ዋናው መንገድ ላይ ባለ ሾውሩሙ ይሸጣል። ከረባቱ ከመጋረጃው፣ መጋረጃው ከምንጣፉ ጋር ይሄዳል። ዓይኑ ቀልቷል። ድምፁ ግን እንደ ማስታወቂያ የተጣራ ነው።

«ወንድሜ የእጅ ጥበብ የመጨረሻው ሰው ነበር» አለ። «እያንዳንዱ ሚስማር በእጅ የተመታ፣ እያንዳንዱ ስፌት ልብ ያለው። ይቀመጡ እንጂ፣ ኢንስፔክተር።»

ኢንስፔክተሩ ተቀመጠ። ሶፋው እንደ ረግረግ ወደ ታች ወሰደው። ከዚያ በኋላ ያለውን ጥያቄ በሙሉ ጉልበቱን ከአገጩ ትይዩ አድርጎ ነው የጠየቀው።

«ዛሬ የት ነበሩ?»

«ከጠዋት ጀምሮ እዚሁ። ሠራተኞቼም ደንበኞቼም ያውቃሉ። ማንንም መክሰስ አልወድም። ግን ሴትየዋ ኢንሹራንስ ገዛችበት፣ ቀጥላ ሾርባ ላከችለት። እኔ ምን ልበል?»

«ምንም አይበሉ። ወንድምዎ ሲሠራው የነበረው ወንበር የማን ነው?»

«የአንድ ደንበኛ። በጥንቱ መንገድ፣ በሚስማር ብቻ እንዲሠራለት ፈልጎ ነው። ስቴፕለር የሚጠላ ሰው ነው።»

«ስሙስ?»

«ሠራተኞቹ ይዘውት ይሆናል። ይመጣል መቼም።» ወደ ፊት ጠጋ አለ። «እኔን ያሳሰበኝ ልጅቱ ናት። የወንድሜ ሥጋ ናት። እናቷ ከታሰረች እኔ ነኝ የማሳድጋት። ጠበቃ አነጋግሬያለሁ።»

ሳጅኗ ከቆመችበት ጣልቃ ገባች። «ወንድምዎ ከተገኘ ገና ሁለት ሰዓት መሙላቱ ነው።»

«ፈጣን ጠበቃ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ።

ሲወጡ ኢንስፔክተሩን ከሶፋው ያወጣችው ሳጅኗ ናት፤ በሁለት እጇ ጎትታ።

«አልወደድኩትም» አለች መኪናው ውስጥ።

«እኔም። ግን ሰውን ስላልወደድነው ብቻ ብናስር ኖሮ አለቃችን ኮማንደሩ ከታሰረ ስንት ዓመቱ ነበር።»

*

በማግሥቱ ጠዋት የላቦራቶሪው ባለሙያ ሁለቱን አስቀምጦ ውጤቱን ነገራቸው። ሾርባው ንጹሕ ነው፤ ትንሽ ጨው በዝቶበታል እንጂ። መርዙ የተገኘው በሟቹ ከንፈርና ምላስ ላይ ነው። ስሙ ለመጻፍ ሁለት መስመር የሚፈጅ ነገር ነው፤ አንባቢ ባያውቀው ምንም አይጎድልበትም።

«ከየት መጣ ታዲያ?» አለች ሳጅኗ።

«ከሚስማሩ። የተቀባው ሚስማሩ ላይ ነው።»

«ሚስማር ማን ይበላል?»

ኢንስፔክተሩ መስኮቱ ላይ የተለጠፈው ራጅ ፊቱ ድቅን አለበት። «ሶፋ ሠሪ ይበላል» አለ። «በአንድ እጁ ጨርቁን ወጥሮ ይይዛል፣ በሌላው ይመታል። ሚስማሩን ማን ያቀብለው? አፉ ሦስተኛ እጁ ነው። አንዳንዴ ደግሞ ሦስተኛው እጅ ይውጣል።» ወደ ባለሙያው ዞረ። «ጥቁሩ ላይ ነው ወይስ ነሐሱ ላይ?»

«ሁለቱም ሣህን ላይ። አንድም ሳይቀር።»

ሳጅኗ ተነፈሰች። «እንግዲህ ማን የት ነበር የሚለው ዋጋ የለውም። የተቀባ ሚስማር ባለቤቱን አይጠብቅም። አንዱ ቀብቶት ሄዶ ሥራውን ሊሠራ ይችላል። ሚስትየው ደግሞ ዋሽታናለች። የሥራ ባልደረባዋን ለብቻዋ አገኘኋት፤ ትናንት ግማሹን ጠዋት አልነበረችም።»

ስልኩ ጮኸ። ኮማንደሩ ነበር።

«ኢንሹራንስ አለ፣ ሾርባ አለ፣ የተፋታች ሚስት አለች» አለ ኮማንደሩ። «ሌላ ምን ትፈልጋለህ? ዘፈን?»

«አንድ ቀን።»

«እስከ ማታ ነው። ማታ ሴትየዋ ታስራ ልጅቱ ለአጎቷ ካልተሰጠች እኔንም ይጠይቁኛል።»

ኢንስፔክተሩ ስልኩን ዘግቶ ባለሙያውንም ሳጅኗንም አየ። «የሚስማሩ ነገር ከዚህ ክፍል እንዳይወጣ። ለሰው ሁሉ መርዙ ሾርባው ውስጥ ነው የተገኘው።»

ከዚያ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ጎራ ብሎ ከሁለቱም ዓይነት አዲስ ሚስማር ገዛ።

*

ሚስትየውን ወደ ባሏ አውደ ሥራ አመጧት። ስትገባ ዓይኗ መጀመሪያ የሄደው ጥግ ላይ ወዳለ አሮጌ የስፌት ማሽን ነው። ስምንት ዓመት የሶፋ ልብስ የሰፋችበት ነው። አቧራውን በጣቷ ጠረገች።

ኢንስፔክተሩ አዲሶቹን ሚስማሮች ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈ።

«ትናንት ጠዋት ከሥራ ወጥተው ነበር» አለ።

እጇን ከማሽኑ አነሣች። «ወጥቼ ነበር።»

«የት?»

«አልናገርም።»

«ለምን?»

«ያሳፍራል።»

«ከመታሰር ይብሳል?»

«ሰፈሩ ውስጥ የምኖረው እኔ ነኝ እንጂ እርስዎ አይደሉ።»

ኢንስፔክተሩ ሲያስብ እንደሚያደርገው እጁ ወደ አፉ ሄደ። የሄደው ግን ከነሐሱ ሚስማሮች ሦስቱን ይዞ ነው። ከንፈሩ መሀል አስገብቶ ማኘክ ጀመረ።

ሴትየዋ አየችው። ቅንድቧ ተነሣ፤ ከትናንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ፈታ አለ።

«እነዚያን ማን አፉ ይከታል?»

«ምን አጠፋሁ?»

«ያስቃል እኮ። እሱ ይሄን ቢያይ በሳቅ ይሞት ነበር።» የተናገረችው ቃል ራሷን ወጋት፤ ግን ቀጠለች። ለጊዜው ከፎረንሲክ ያመጡትን መዶሻ አንሥታ ጥቁሮቹ ላይ አስጠጋች። ራሱ ማግኔት ነው፤ አንዷ ሚስማር ዘልላ ተለጠፈችበት። ነሐሶቹ ላይ አስጠጋች። አንዱም አልተነቃነቀም። «ጥቁሩን በምላሱ ገፍቶ ከንፈሩ ላይ ያወጣዋል፤ መዶሻው ራሱ ይቀበለዋል። ነሐሱን መዶሻ አይዘውም። አንድ በአንድ በጣት ተይዞ ነው የሚመታው። አፍ ውስጥ ገብቶ ምን ይሠራል?»

«ይህንን ማን ማን ያውቃል?»

«እዚህ ክፍል ውስጥ አንድ ቀን ቁጭ ብሎ የዋለ ሰው ሁሉ።»

ኢንስፔክተሩ ነሐሱን ተፍቶ በጥቁሩ ተካው።

«አሁን ሆነ» አለች። «ብቻ እንዳይውጡት። እሱ አንዴ ውጦ ራጁን ለሰፈሩ ሲያስጎበኝ ነበር የከረመው።»

ሳጅኗ ዓይኗን ከሴትየዋ ፊት ሳትነቅል ስታይ ቆየች። ከዚህ ጠረጴዛ ሞት መነሣቱን የሚያውቅ ሰው ፊት እንዲህ አይሆንም። ውጭ ሲወጡ ግን አንድ ነገር አነሣች።

«የት እንደሄደች እስካልነገረችን ኮማንደሩን በሳቋ አናሳምነውም።»

«ወደ ኢንሹራንሱ እንሂድ» አለ ኢንስፔክተሩ።

*

የኢንሹራንሱ ሠራተኛ ወጣት ሴት ናት። ፖሊስ መታወቂያ ሲያሳያትም እንኳ ፈገግታዋን አልቀነሰችም፤ የሥራ መመሪያው ላይ ሳይኖር አይቀርም።

«እኚህን ሴትዮ ያውቋቸዋል?» አለ ኢንስፔክተሩ ፎቶ አሳይቷት።

«በደንብ ነዋ። ትናንት ጠዋት እዚህ ነበሩ።»

ሳጅኗ ኢንስፔክተሩን አየችው። ባሏ በሚሞትበት ቀን ጠዋት ኢንሹራንስ ቢሮ የተገኘች ሴት። ኮማንደሩ ይህን ቢሰማ ሰንሰለቱን ራሱ ይዞ ይመጣ ነበር።

«መቼ እንደሚከፈላት ልትጠይቅ?» አለች ሳጅኗ።

«አይ። አዲስ ልትገዛ። በራሷ ላይ።» ሠራተኛዋ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እሷ ብትሞት ለቀድሞ ባሏ እንዲከፈል። ‹በእሱ ላይ ገዝቼ በራሴ ላይ ሳልገዛ መቅረቴ ልክ አይደለም፤ ብሞት ልጄን ብቻውን ነው የሚያሳድገው› አለች። ወረፋው ረጅም ስለነበር ግማሽ ቀኗ እዚህ አለቀ። እባካችሁ እንዳይሰማ ብላ ለምናኛለች።»

ኢንስፔክተሩ ያለ ሥራው ጣሪያውን አየ።

«ራጁን አይተናል» አለ ቆይቶ። «ሆዱ ውስጥ ሚስማር ተገኝቶ እንዴት ተቀበላችሁት?»

«በስንት መከራ። ሐኪማችን ከዛሬ ጀምሮ ሚስማር አፍ ውስጥ አይገባም አለው። ልጁ ፊት ማለ፤ ይዟት ነበር የመጣው። ወዲያው ስቴፕለር ገዛ። ሚስማር የሚበላ ሰው አንሸፍንም እኮ።»

«አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ገዢዋ ራሷ ገዳይ ሆና ብትገኝ ገንዘቡ የት ይሄዳል?»

«እሷ ምንም አታገኝም። ለልጅቱ ይሆናል፤ ልጅቱ እስክትደርስ ደግሞ አሳዳጊዋ ይዞ ያስተዳድረዋል።» ሠራተኛዋ ሳቅ አለች። «ሰሞኑን ሰው ሁሉ ይሄንኑ ይጠይቀኛል።»

«ሰው ሁሉ ማለት?»

«አንድ ሰውዬ በስልክ። ስሙን አልተናገረም። ግን አነጋገሩ እንዴት ያምር ነበር መሰላችሁ። ምን እንደሚሸጥ ሳላውቅ ልገዛው ምንም አልቀረኝ።»

ኢንስፔክተሩና ሳጅኗ ደረጃውን ሲወርዱ አልተነጋገሩም። መኪናው ጋ ሲደርሱ ሳጅኗ ቁልፉን ተቀበለችው።

«እኔ ልንዳ» አለች። «እርስዎ ማኘክ ይኖርብዎታል።»

*

ሥራ አስኪያጁ በሾውሩሙ መሀል ቆሞ ተቀበላቸው።

«አሰራችኋት?»

«ዛሬ ማታ የሚታሰር ሰው አለ» አለ ኢንስፔክተሩ። በዚህኛው ጊዜ የመረጠው ጠንካራ ወንበር ነው። ከኪሱ ማኅተም ያለበት የፕላስቲክ ከረጢት አወጣና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ውስጡ የነሐስ ሚስማሮች ነበሩ። «ይሄ የወንድምዎ ነው። ሣህኑ ላይ የነበረው። ፋይሉ ሲዘጋ ዕቃው ለቤተሰብ ይመለሳል ብዬ ነው። የሚፈርሙበት ወረቀት አለ፤ ሳጅን ትስጥዎት።»

«ምን ያደርግልኛል? ይጣል።»

«የእጅ ጥበብ እኮ ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ድምፁን አስተካከለ። «እውነት ነው። እያንዳንዱ ሚስማር በእጅ የተመታ፣ እያንዳንዱ ስፌት…»

ኢንስፔክተሩ ከረጢቱን ከፍቶ ጥቂት ሚስማር ዘግኖ አፉ ውስጥ ጨመረ። እያኘከ በትሕትና አዳመጠ።

«እያንዳንዱ ስፌት…» አለ ሥራ አስኪያጁ እንደገና። ልብ ያለው የሚለው ላይ አልደረሰም። ፊቱ ላይ ያለው ደም የት እንደሄደ አይታወቅም። «ኢንስፔክተር፣ ያንን ከአፍዎ ያውጡ።»

«አይጨነቁ። ልማድ ነው። እሷም ሁልጊዜ ትቆጣኛለች።»

«ይትፉት። አሁን ይትፉት አልኩ።» ወደ ሳጅኗ ዞረ። «ምን ቆመሽ ታያለሽ? ሊሞት ነው እኮ፤ አምቡላንስ ጥሪ።»

ሳጅኗ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ ነበር። አልተነቃነቀችም።

ኢንስፔክተሩ ሚስማሮቹን አንድ በአንድ መዳፉ ላይ ተፋቸው። «ለምንድን ነው የምሞተው?»

«መርዝ… ማለቴ ቆሻሻ ነው።»

«መርዙ ሾርባው ውስጥ ነው ያልነው። ለጋዜጠኛውም፣ ለሰፈሩም፣ ለእርስዎም። ሚስማሩ ላይ መሆኑን የምናውቀው እኛ ነን። እኛና የቀባው ሰው። ይሄኛው አዲስ ነው፤ ዛሬ ጠዋት በራሴ ገንዘብ የገዛሁት።»

ሥራ አስኪያጁ የቀረበውን ሶፋ ፈልጎ ተቀመጠ። ሶፋው እንደ ልማዱ ወደ ታች ወሰደው።

«ወንድምዎ ሚስማር አፉ መክተት ትቶ በስቴፕለር ነበር የሚሠራው» ቀጠለ ኢንስፔክተሩ። «ወደ ሚስማር የሚመልሰው ሥራ መስጠት ነበረብዎት። እጅ ሲጎድለው መሐላውን እንደሚረሳ ያውቁታል። ሳጅን ሠራተኞችዎን በስልክ ጠይቃለች። ስቴፕለር የሚጠላ ደንበኛ የለም። ወንበሩ ሁለት ዓመት እዚሁ ዕቃ ቤት ሸራ ለብሶ የቆየ ነው። እሷ ትከሰሳለች፣ ልጅቱ ወደ እርስዎ ትመጣለች፣ ከልጅቱ ጋር ገንዘቡና አውደ ሥራው ይከተላሉ። ጎበዝ ነዎት። ሟቹ ራሱ እየቀለደ ተጠርጣሪውን አዘጋጅቶልዎታል።»

«ሁሉንም ነገር አስቤበት ነበር» አለ ሥራ አስኪያጁ፤ ለራሱ የሚያወራ ይመስላል። ድምፁ ውስጥ ማስታወቂያው ጠፍቷል።

«ሁሉንም። ሥራው ብቻ ሲቀር። የቀቡት ሁለቱንም ሣህን ነው፤ የትኛው አፍ እንደሚገባ አያውቁማ። ነሐስ መዶሻው ላይ አይያዝም፤ አፍ ውስጥ ገብቶም አያውቅም። ስምንት ዓመት እዚያ የሰፋች ሴት ቢሆን ጥቁሩን ብቻ ትቀባ ነበር። እኔ ነሐሱን አፌ ስከት እሷ ሳቀችብኝ። እርስዎ አምቡላንስ አስጠሩልኝ። ዕድሜዎን ሙሉ በእጅ የተመታ ሚስማር ሲሸጡ ኖረው አንድ ቀን መዶሻውን አንሥተው አላዩትም።»

ሳጅኗ ካቴናውን አወጣች። ሥራ አስኪያጁ ከሶፋው ለመነሣት ሞከረ፤ አልቻለም። እንደገና ሞከረ።

«ለሕይወቴ ስላሰቡ ግን አመሰግናለሁ» አለ ኢንስፔክተሩ እጁን ሰጥቶ ሲጎትተው። «እኔ ኢንሹራንስ የለኝም።»

የመርዙን ጠርሙስና የተቀባበትን ብሩሽ ከሥራ አስኪያጁ መኪና ተለዋጭ ጎማ ሥር አገኙት። በንጹሕ ነጭ ፎጣ ተጠቅልሎ ነበር። ማታ ኮማንደሩ ደውሎ ከመጀመሪያውም በሴትየዋ ላይ ጥርጣሬ እንዳልነበረው ለኢንስፔክተሩ አስረዳ።

*

ምርመራው ተጠናቆ ዕቃዎቹ ሲለቀቁ ኢንስፔክተሩና ሳጅኗ ወንበሩን፣ መዶሻውንና ራጁን ይዘው አውደ ሥራው ሄዱ። ፀጉር አስተካካዩ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«እኔ ከመጀመሪያውም ወንድምየውን ነው የጠረጠርኩት» አለ።

«ሲጠረጥሩ እየሳቁ ነበር?» አለች ሳጅኗ አልፋው እየገባች።

ውስጥ እናትና ልጅ ነበሩ። የስፌት ማሽኑ ተወልውሏል። ልጅቱ ራጁን ተቀበለችና በርጩማ ላይ ወጥታ መስኮቱ ላይ መልሳ ለጠፈችው። የለጠፈችው ገልብጣ ነው፤ ማንም አላረማትም።

ኢንስፔክተሩ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እናትየውን ጠየቃት። «ለእሱ ብለው ኢንሹራንስ ሊገዙ እንደሄዱ ቢነግሩኝ ኖሮ ያን ያህል ባልጠረጠርንዎት ነበር። ለምን ደበቁኝ?»

«በራሴ ላይ ገዝቼ ለእሱ ይከፈል እንዳልኩ ቢሰማ ምን ይል ነበር መሰለዎት? ‹አሁን ደግሞ ራሷን በስጦታ ሰጠችኝ› እያለ ሰፈሩን በሙሉ ያዞረው ነበር። ከዚያ ሰው ሁሉ እኔን ሲያይ ይስቃል። እርስዎ የመጡ ቀን ሞቷል ሲሉኝም፣ የሚሰማ መስሎኝ አፌን ያዝኩ።»

መዶሻውን ገለበጠችው፤ መልሳ ገለበጠችው።

«አሁንማ ቢያዞረው ምን ነበረበት» አለች።

አረንጓዴው ወንበር መሀሉ ላይ እንደቆመ ነው፤ ግማሹ የለበሰ፣ ግማሹ የተራቆተ። እናትየው የቬልቬቱን ጫፍ ይዛ ወጠረችው። በሌላ እጇ መዶሻውን አነሣች። ከአዲሱ ሣህን ጥቁር ሚስማር ዘግና ወደ አፏ አስጠጋች።

«እማዬ» አለች ልጅቱ።

እጇ አየር ላይ ቀረ።

«አባዬ ምን ብሎ ነበር የማለው?»

እናትየው ሚስማሮቹን ወደ ሣህኑ መለሰቻቸው። ልጅቱ ከበርጩማው ወርዳ መጣች፣ ሣህኑን በግራ እጇ አቀፈች፣ በቀኟ አንዲት ሚስማር አንሥታ በሹሉ በኩል ይዛ ዘረጋች። መዶሻው ተቀበላት። አንድ ምት። ልጅቱ ሁለተኛዋን ዘረጋች።

ኢንስፔክተሩ ቆሞ ሲያይ ቆየና የእስክሪብቶ ክዳኑን ከአፉ አውጥቶ ኪሱ ሊከተው አለ። ሳጅኗ መዳፏን ዘርግታ ጠበቀችው።